የጋሽ ጣሰው የመጨረሻ ቀፎ

ጋሽ ጣሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውሸታም ነበሩ። ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ሺሺንዳ ገበያ መሀል ቆማችሁ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ መጀመሪያ «ደግ ሰው ነበሩ» ይላችኋል፤ ከዚያ ሳቁ ያመልጠዋል። ጎሽ ሲያባርራቸው ዛፍ ላይ መውጣታቸውን፣ ጎሹም ተከትሏቸው መውጣቱን፣ በኋላ ቅርንጫፉ ለሁለት ስለጠበበ እሳቸው በይሉኝታ መውረዳቸውን ያልሰማ የለም። ማሯን የቆረጡባት ንብ «መልስልኝ» እያለች ከቢታ ገነት እስከ ዋጫ እንደተከተለቻቸው፣ ክንፏ ሲደክማት ባርኔጣቸው ላይ እያረፈች እንደተጓዘችም በመሐላ ያወሩ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ሚስታቸውን የሚመለከተው ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ካፋን ዙሩት፤ እንደ እኔ አስካለ ያለች ቆንጆ ካገኛችሁ ቀፎዎቼን ውሰዱ» ይሉ ነበር። እትዬ አስካለማርያም አጭር፣ ጥርሳቸው ፈንጠር ያለ፣ በደህና ጊዜ ሲናገሩ እንኳ የተቆጡ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ይህን በሰሙ ቁጥር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጉና «ኧረ የጎሹን ንገራቸው፤ የጎሹ ይሻላል» ይላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በባላቸው ውሸት ሲሳቅባቸው የኖሩ ሴት ናቸውና ልማድ ሆኖባቸው ነበር።

ጋሽ ጣሰው ሊሞቱ ሲሉም አላረፉም። የሚስታቸውን እጅ ያዙና «አስካለ፣ በትልቁ ቀረሮ ላይ፣ በገደሉ በኩል፣ አንድ ቀፎ ሰቅያለሁ። የመጨረሻዬ ነው። ከሰቀልኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ንቡም አይለቅም። ዛፉን ለማንም እንዳትሰጪ» አሏቸው። እትዬ አስካለም «እሺ» አሉ። ለታመመ ሰው እሺ ነው የሚባለው።

ያ ቀረሮ ከመንደሩ ቁልቁል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ፣ ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ ነው። ከመሬት በኩል ሲታይ የጋሽ ጣሰው ቀፎዎች ተሰቅለውበታል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ግን የሚያጥናቸውና የሚጠግናቸው ጠፍቶ ንቡ ለቋቸው ሄደ፤ አንዳንዶቹም ወደቁ። በገደሉ በኩል ያለው ጎን ደግሞ በሐረግ የተሸፈነ ነውና ከታችም ሆነ ከላይ አይታይም። እዚያ በኩል ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ጋሽ ጣሰው ብቻ ነበሩ፤ ያንንም ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ከሸለቆው በታች ወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ ተዘጋና ሸለቆው ውሃ ሞላ። ድሮ ቁልቁል ሲያዩት የሚያዞረው ገደል አሁን ሐይቅ ሆነ፤ ቀረሮውም ከገደል አፋፍነት ወደ ውሃ ዳርነት ተዛወረ። የአገሩ ሰው ጫካ እንጂ ውሃ አያውቅምና በዳር ቆሞ ከማየት በቀር ደፍሮ የገባበት አልነበረም። እስኪ የገባ ከነበረ ይንገረኝ።

ፍቅሩ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው። ፍቅሩ የእትዬ አስካለ የክርስትና ልጅ ነው። በልጅነቱ የጋሽ ጣሰውን ማር ከነሰፈፉ እየዋጠ ነው ያደገው። ቦንጋ ላይ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሰርገኛ ይዞ ሐዋሳ ሄደና ጀልባ ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። ወሬ የለ፣ ምክር የለ፣ ሚኒባሱን ሸጠና ወንበርና ጥላ ያላት ሰማያዊ ጀልባ ገዝቶ በአይሱዙ ጭኖ ከች አለ። ሺሺንዳ ነቅሎ ወጣ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ ሴቶቹ። ጀልባ አለ፤ ማቆሚያ የለም። ስለዚህ ጀልባዋ እናቱ ግቢ ውስጥ፣ እንሰት መሀል ተጎልታ ከረመች። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣያ አደረጓት።

ፍቅሩ ግን መሬት ቢሮ ሲመላለስ ቆይቶ ነገሩን ጉዳይ አስደረገው። ውሃ ዳር ያለ የመንግሥት መሬት ለቱሪስት ጀልባ ማቆሚያ በሊዝ ሊሰጥ ነው ተባለና ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቦታውን እንድታይ የተላከችው ባለሙያ አብርሆት ትባላለች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ ቦንጋ የመጣች፣ ቦቲ ጫማዋን ከጭቃው ጋር ገና ያላስማማች ወጣት ናት። ዳርቻውን ሁሉ ዞራ አየች። ሌላው ቦታ ወይ ረግረግ ነው ወይ ቋጥኝ፤ ለጥ ብሎ ወደ ውሃው የሚወርደው ቀረሮው ያለበት ብቻ ሆነ። በፕላኑ ላይም መወጣጫው በትክክል ግንዱ ላይ አረፈ።

«እንግዲህ ዛፉ ይቆረጣል ማለት ነው» አለች አብርሆት፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት። «ተቃውሞ ያለው አለ?»

ሕዝቡ ዝም አለ። ግማሹ ለልጁ ሥራ ፈልጓል፤ ግማሹ ደግሞ እንግዳ ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው ብሎ ነው። እትዬ አስካለ ብቻ ተነሡ።

«እኔ አለሁ። ይሄ ዛፍ ቆቦ ነው።»

አብርሆት ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። ሊቀመንበሩም ጉሮሮውን ጠርጎ አስረዳት። በካፋ ደንብ ጫካው የመንግሥት ቢሆንም ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉን ማንም አይነካበትም፤ ቆቦ የሚባለው ይህ ነው። መቼም ሰው ከጎረቤቱ ሚስት ይልቅ የጎረቤቱን ቆቦ ይፈራል። ነገር ግን፣ አለ ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደንቡ የሚጸናው በቀፎው ውስጥ ንብ እስካለ ነው።

«እነዚህ ደግሞ ባዶ ናቸው» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም፣ በከዘራቸው ወደ ላይ እየጠቆሙ። ጋሽ ወልደ ማርያም የጋሽ ጣሰው የዕድሜ ልክ ባላንጣ፣ ራሳቸውም የታወቁ ቀፎ ሰቃይ ናቸው። «አይጥ እንኳ ለቃቸዋለች።»

«በገደሉ በኩል ያለው ባዶ አይደለም!» አሉ እትዬ አስካለ።

ኧረ በስመ አብ! ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። የመጨረሻውን ቀፎ ወሬ የማያውቅ አልነበረምና ይቺን ሲጠብቁ ኖረዋል። «ጎሹም እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ይሆናል!» አለ አንዱ። ጋሽ ወልደ ማርያም ደግሞ ሳቃቸውን በነጭ ጺማቸው እያበሱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጣሰው እውነት ግን እያደር ይጨልማል» አሉ።

እትዬ አስካለ ፊታቸው ጋለ። ሊቀመንበሩ አዘነላቸውና «እትዬ፣ ንብ ያለበት ቀፎ ካሳዩን ዛፉ አይነካም። የቦታው ርክክብ እስኪደረግ ጊዜ አለዎት» አለ። አብርሆትም ተስማማች። ከዚያ በኋላ ነው እትዬ አስካለ ሳያስቡት አፋቸውን የከፈቱት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ አይመለስም።

ወደ ፍቅሩ ዞረው «አንተን ክርስትና ያነሣሁበት እጄን ይቁረጠው! በዚያች የዶሮ ጎጆህ ላይ እግሬን ካሳረፍኩ፣ ጣሰው ከመቃብሩ ተነሥቶ ይታዘበኝ!» አሉ።

ፍቅሩ አንገቱን ደፋ። ጀልባዋን «የዶሮ ጎጆ» ማለታቸው ግን እንደከነከነው ያስታውቅ ነበር።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ጓሮ ቁጭ ብለው እንሰት ሲፍቁ ከባላቸው ጋር ተጣሉ። ሞቱ ተብሎ ጠብ ይቀራል እንዴ? «ይኸው፣ ዛሬም ታስቅብኛለህ» አሉ። «በሕይወትህ ሳለህ ባሰኘህ ነገር ዋሸህ። ግድ የለም። ለመሞቻህ እንኳ አንዲት እውነት ብትቆጥብ ምን ነበረበት?» ፍቂያው ከጣውላው ላይ ሸርተት ባለ ቁጥር ንዴታቸው ይብሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያናደዳቸው የሰው ሳቅ አልነበረም። ያናደዳቸው እሳቸውም ቀፎው መኖሩን አለማመናቸው ነው። ዛፉን ግን ይወዱታል። ጣሰው ሲወጡ ከሥር ቆመው «ቀስ በል አንተ ሰው» ያሉት፣ ጣሰውም ከላይ እየዘፈኑ ያናደዷቸው እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ጣሰው ዳግመኛ የሚሞቱ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አላመኑም፤ ግን ተሟገቱ። እንደሱ ነው ትዳር።

ገበያውማ መቀለጃ አገኘ። ማር የሚገዙት ነጋዴዎች ሳይቀሩ «እትዬ፣ እስቲ ከማይታየው ቀፎ አንድ ኪሎ» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ገንዘብህም እንደሱ የማይታይ ከሆነ ልመዝንልህ» ብለው ያልፋሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ግን በሩን ዘግተው ቁጭ ይላሉ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ወልደ ማርያም በራቸውን አንኳኩ። ጠፍር በትከሻቸው አንግተዋል።

«ልወጣልሽ ነው» አሉ።

«የት?»

«ዛፉ ላይ ነዋ! የለም ያልኩት እኔ፣ አይቼ የለም ልበል። የጣሰውን ውሸት በዓይኔ ሳላረጋግጥ ብሞት ይቆጨኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴን ተይው፤ አንቺ ከሥር ቆመሽ ቀስ በል ብቻ በይኝ።»

እትዬ አስካለ ይቺን ሲሰሙ ልባቸው ራራ፤ ግን አላሳዩም። ጋሽ ወልደ ማርያም ጠፍራቸውን በግንዱ ዙሪያ ጠምጥመው እንደ ልጅነታቸው መውጣት ጀመሩ። እውነትም የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ ጉልበታቸው «በቃኝ» አለ። መውጣትም፣ መውረድም፣ ወደ ገደሉ በኩል መዞርም አልቻሉም። ቅርንጫፏን አቅፈው ጸሎት ጀመሩ። ጠዋቱ ረፈደ። መንደሩ ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱ ምክር ይወረውራል፤ ምክር ደግሞ ሰው ከዛፍ አያወርድም። በመጨረሻ ፍቅሩ የጀልባዋን ገመድ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ወጣቶቹ እየጎተቱ እየለቀቁ እንደ ሙዝ ዘለላ አወረዷቸው።

«ታዲያ አዩት?» አሏቸው።

«ያየሁት ሞቴን ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም፣ ቁጭ እንዳሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ጣሰው ግን ከዚያ በላይ ይወጣ ነበር፤ አይካድም» አሉ። ስለ ባላንጣቸው ደግ ነገር ሲናገሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

የርክክቡ ቀን ደረሰ። አብርሆት ከቦንጋ መጣች፤ ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ለብሶ ተገኘ። ዛፍ ቆራጮቹ መጋዛቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፍቅሩም ጀልባዋን አጥቦ፣ ዶሮዎቹን አባሮ፣ በሰው ሸክም ከእንሰቱ መሀል አውጥቶ ከዛፉ ራቅ ብሎ ውሃው ላይ አስቀምጧታል። አልሰጠመችም! ሰው አጨበጨበ።

አብርሆት ግን ወረቀቷን ከመፈረሟ በፊት «ማቆሚያው በውሃው በኩል ምን እንደሚመስል ማየት አለብኝ፤ ጥልቀቱንም እንለካለን» አለች። «ተቃውሞ ያቀረቡትም አብረው መሄድ አለባቸው። ኋላ አላየሁም እንዳይባል።»

ሁሉም ዓይን እትዬ አስካለ ላይ አረፈ። መሐላቸውን የማያስታውስ አንድም ሰው አልነበረም።

«እኔ ከዚሁ ሆኜ ይታየኛል» አሉ።

«እናቴ፣ ካልመጡ ተቃውሞውን እንደተዉት ነው የምጽፈው» አለች አብርሆት፣ በትሕትና።

እትዬ አስካለ መጋዞቹን አዩ። ዛፉን አዩ። ቀጥለው ጀልባዋን አዩ፤ ይህም ያም አላማራቸውም። ፍቅሩ ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። «የክርስትና እናቴ፣ እርስዎ ካልባረኩልኝ መቼስ አትሄድልኝም» አለ ቀስ ብሎ። የልጁ ድምፅ ተንቀጠቀጠ፤ ለእሳቸው ይሁን ለጀልባዋ አልታወቀም።

«ታዘበኝ እንግዲህ ጣሰው» አሉና እግራቸውን አሳረፉ።

ብርቱካናማውን ላይፍ ጃኬት ከነጠላቸው በላይ አለበሷቸው። ዳር ላይ የቆመው ሰው እንዳይስቅ አፉን ይዞ ነበር። ጋሽ ወልደ ማርያም ሽማግሌ ምስክር ያስፈልጋል ብለው ሳይጠሩ ገቡ፤ ሊቀመንበሩም ካፖርቱን ሰብስቦ ተከተለ። ሞተሩ አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል አለና ተነሣ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁትን ቅዱስ ሁሉ ጠሩ፤ ያላወቁትንም ሳይጠሩ አልቀሩም።

ጀልባዋ ሰፋ አድርጋ ዞረችና ቀረሮውን ከውሃው በኩል ፊት ለፊት አገኘችው። አብርሆት «እዚህ ጋ አቁም» አለች። ፍቅሩ ሞተሩን አጠፋ።

ዝም ሲል አንድ ድምፅ ቀረ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሰሙት። ያ ድምፅ በሚስትነት ዕድሜያቸው ሁሉ ከባላቸው ልብስ ጋር ወደ ቤት ሲገባ የኖረ ነው፤ አይስቱትም። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።

ሐረጉ ከፊት ለፊት፣ ድሮ አየር ብቻ ከነበረበት በኩል ሲታይ፣ የተገለጠ ነበር። ከውሃው ብዙም ከፍ ሳይል፣ በወፍራሙ ቅርንጫፍ ሥር፣ ሰው የሚያህል ቀፎ ተሰቅሏል። አፉ በንብ ጠቁሯል። ንቦቹ በፀሐይ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ የሚቸኩሉበት ነገር ያላቸው ይመስላሉ። ማሰሪያው የጋሽ ጣሰው አስተሳሰር ነው፤ ሐረጉን ሦስት ጊዜ ጠምዝዘው ጫፉን ወደ ውስጥ የሚቀብሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ወልደ ማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አንተ ቀጣፊ!» አሉ እትዬ አስካለ በመጨረሻ። ድምፃቸው ውሃው ላይ ሄደ። «አንተ አታላይ! በስንት ዘመንህ አንድ ቀን እውነት ተናገርክ፤ እሷኑም ሳላምንህ ሞትክብኝ!» እንባቸው ላይፍ ጃኬቱ ላይ ዱብ ዱብ አለ። ፍቅሩ ወደ ሌላ ዞሮ አፍንጫውን ጠረገ።

አብርሆት በስልኳ ፎቶ አነሣች፤ ወረቀቷንም አወጣችና ፕላኑ ላይ በዛፉ ቦታ የነበረውን ምልክት ሰረዘች። «መወጣጫውን ከቋጥኙ በኩል እናዞረዋለን» አለች። «ትንሽ ግንባታ ይጨምራል እንጂ ይቻላል።»

«እንደውም» አለ ፍቅሩ፣ ፊቱ እየበራ፣ «ለቱሪስቱ ይሄን ቀፎ ላሳይ እችላለሁ!»

«ገና መሬቱን ሳትይዝ ቱሪስት ትቆጥራለህ» አሉት የክርስትና እናቱ። ሆኖም አልተቆጡም። «ከመጡም ጫጫታ እንዳይኖር። ንብ ጫጫታ አይወድም።»

ጋሽ ወልደ ማርያም ግን ከቀፎው ላይ ዓይናቸውን መንቀል አልቻሉም። «ጣሰው ይቅር በለኝ» አሉ። ቀጥሎ ግንባራቸው ተጨማደደ፤ ከባድ ሐሳብ ነው የመጣባቸው። «ቆይ ግን... ይሄ እውነት ከሆነ፣ ጎሹም እውነት ሊሆን ነው?»

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ጀልባዋ እስክትወዛወዝ። «ንቢቱስ? ባርኔጣው ላይ ያረፈችው?» አለ ፍቅሩ። «ማን ያውቃል!» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ዛሬስ ሁሉንም እንደገና ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።»

እትዬ አስካለ አልሳቁም። ጋሽ ጣሰው ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሲምሉበት የኖሩት ሌላ ነገር ትዝ ብሏቸው ነበር። ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው መልካቸውን አዩ። ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ ቀላ፤ ፈገግም አሉ።

«እናቴ፣ ምን ያስቅዎታል?» አላቸው ፍቅሩ፣ ሞተሩን ሊያስነሣ እየጎነበሰ።

«ምንም» አሉ። ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገውት የነበረውን ነጠላ ወደ ኋላ መለስ አደረጉት። «ወደ ዳር ስንደርስ ግን ቀስ ብለህ ንዳ። ሰው ይየኝ።»